ከነሰንኮፉ ያልወጣ፣ አልወጣም

ብጉንጅ የወጣበት ሰው መግሉ ስለፈሰሰ ብቻ ዳነ አይባልም። በጎንደርም በትግራይም ገጠር ያደጉ እናቶች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። ሰንኮፉ ካልወጣ ቁስሉ ከላይ ይደርቅና ጥቂት ቆይቶ በዚያው ቦታ ተመልሶ ያብጣል። ዛሬ በእነዚያው እናቶችና አባቶች ቤት፣ እዚህ ኢየሩሳሌም ውስጥ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ኮምፒውተርም የራሱ ሰንኮፍ አለው። ፕሮግራሙ «ጠፍቷል» ይባላል፤ ሥሩ ግን ውስጥ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። ኪርያት መናሔም የሚኖሩ አንድ የሰባ አምስት ዓመት አባት አሉ እንበል። ስልክ ይደወልላቸዋል። ደዋዩ «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ ሒሳብዎ ላይ ሌባ ገብቷል» ይላቸዋል። ይደነግጣሉ፤ የተባሉትን ሁሉ ይጫናሉ። ሰውየው ከሩቅ ሆኖ ኮምፒውተራቸውን የሚያንቀሳቅስበትን ፕሮግራም በገዛ እጃቸው ያስጭናቸዋል። የማውሷ ቀስት ማንም ሳይነካት ስትሄድ ሲያዩ ግን ነገሩ አላምር ይላቸውና ገመዱን ከግድግዳው ይነቅሉታል። ብልህ ናቸው፤ ገንዘባቸው ተረፈ። አርብ ዕለት የልጅ ልጃቸው ለሰንበት ይመጣል፤ የሆነውን ይነግሩታል። ልጁ ቁጭ ብሎ ስክሪኑ ላይ ያለችውን የፕሮግራሙን ምልክት ጎትቶ ወደ ቆሻሻ መጣያው ይጥላታል። «አጠፋሁት አባባ፣ አይጨነቁ» ይላቸዋል። «ተባረክ ልጄ» ይሉታል። ሁለቱም የተናገሩት በቅን ልብ ነው። ሁለቱም ግን ተሳስተዋል።

ልጁ የጣላት ሥዕሏን ነው። ስክሪኑ ላይ የምትታየው ትንሽ ምልክት ፕሮግራሙ አይደለችም፤ እንደ ቤት ቁጥር ናት። የቤቱ ቁጥር ከበሩ ላይ ስለተነቀለ ውስጥ ያለው ሰው ወጥቶ አይሄድም። በዊንዶውስ ላይ የሚሠሩ ብዙ ፕሮግራሞች ሲጫኑ ከጀርባ ሆኖ የሚሠራ ሎሌ አብረው ያስቀምጣሉ፤ ባለሙያዎቹ ሰርቪስ ይሉታል። ሰርቪስ መስኮት የለውም፣ ምልክት የለውም፣ ድምፅ አያሰማም። ኮምፒውተሩ ሲከፈት፣ ባለቤቱ ገና የይለፍ ቃሉን ሳይጽፍ፣ እሱ ሥራ ሊጀምር ይችላል። ስሙ የተጻፈው ዊንዶውስ በሚይዘው የውስጥ መዝገብ ላይ ነው። ከዚያ መዝገብ ካልተፋቀ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ይጠራል፣ በተጠራ ቁጥርም «አቤት» ይላል።

ፍርድ እንዳይዛባ አንድ ነገር መባል አለበት። ኮምፒውተርን ከሩቅ የሚያንቀሳቅሱ እንደ ቲምቪወርና ኤኒዴስክ ያሉ ፕሮግራሞች ራሳቸው ሌቦች አይደሉም። ሃይፋ ያለ ልጅ ኢየሩሳሌም ያለችውን እናቱን የቢቱዋሕ ሌኡሚ ቅጽ የሚሞላላት በእነሱ ነው። ችግሩ የሚመጣው ባለቤቱ አጠገቡ ሳይኖርና «እሺ» ሳይል መግባት እንዲቻል ተደርገው ሲስተካከሉ ነው። ያን ጊዜ ሰርቪሱ በየቀኑ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ዘበኛ ይሆናል፤ ቁልፉን ለያዘ ሁሉ ይከፍታል። ቁልፉን የያዘው ልጅ ከሆነ ደግ ነው። ያ ደዋይ ከሆነ ግን፣ አባት ገመዱን መልሰው የሰኩ ዕለት በሩም አብሮ ይከፈታል።

የቁልፍ ነገር ለኢየሩሳሌም ኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም። ከሃኔቪኢም ጎዳና ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና የታጠፈ ሰው በከፍተኛ ግንብ የታጠረውን የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ግቢ ያያል። በአፄ ዮሐንስ ዘመን ተጀምሮ በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1893 የተጠናቀቀው ክብ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው እዚያ ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ በአሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ዴር ሡልጣን አለ። ኢትዮጵያውያንና ግብፃውያን መነኮሳት በዚያ ገዳም ላይ ለብዙ ዘመን ሲከራከሩ የኖሩት፣ በሌላ አነጋገር፣ ቁልፉ በማን እጅ ይሁን በሚል ነው። በ1970 የፋሲካ ሌሊት የተቀየሩት የበር ቁልፎች ጉዳይ እስከ እስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሷል። ከዚህ ሁሉ ሽማግሌው የሚይዘው አንድ ቀላል እውነት ነው። አንድ ሰው ከቤት ወጣ የሚባለው እግሩ ስለወጣ ብቻ አይደለም፤ ቁልፉን ሲያስረክብ ነው። ኮምፒውተሩ ላይም እንዲሁ ነው።

«ይሄ የሽማግሌ ቤት ጣጣ ነው፣ ትልልቅ ኩባንያዎች እንዲህ አያደርጉም» የሚል ካለ፣ በ2019 የሆነውን ይመልከት። በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር ጆናታን ላይትሹ የተባለ የደኅንነት ተመራማሪ ስለ ዙም አንድ ነገር ይፋ አደረገ። ዙም በአፕል ኮምፒውተሮች ላይ ሲጫን፣ ከጀርባ የሚሠራ ትንሽ ሰርቨር አብሮ ያስቀምጥ ነበር። ባለቤቱ ዙምን ሲያጠፋ ያ ሰርቨር አይጠፋም። ኋላ ላይ ባለቤቱ የስብሰባ ሊንክ ቢጫን፣ የቀረው ሰርቨር ማንንም ሳይጠይቅ ዙምን ራሱን መልሶ ይጭነዋል። ኩባንያው የሰጠው ምክንያት ተጠቃሚውን ከአንድ ተጨማሪ ጠቅታ ለማዳን ነው የሚል ነበር። ጩኸቱ ሲበረታ ዙም ሰርቨሩን አነሳው፤ አፕልም በበኩሉ ለሁሉም ኮምፒውተሮች ዝመና ልኮ አስወጣው። ዓመት ሳይሞላ ኮሮና መጣና በየቤቱ ያሉ አዛውንቶች ዘመድ የሚጠያየቁት በዚያው በዙም ሆነ። ያኔ የዙም ሰርቨር ተነሥቶ ነበር፤ የተነሣው ግን አንድ ሰው ጠይቆ ስላጋለጠው ነው። ካልተጠየቀ ማን ያነሣው ነበር?

ከዚያም በፊት በ2005 ሶኒ ቢኤምጂ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ሲዲዎቹ እንዳይገለበጡ ብሎ በገዢዎች ኮምፒውተር ውስጥ የሚደበቅ ፕሮግራም ይጭን ነበር። ማርክ ሩሲኖቪች የተባለ ባለሙያ የገዛ ኮምፒውተሩን ሲፈትሽ አገኘውና ለዓለም ነገረ። ኩባንያው ተገዶ ማስወገጃ ቢያወጣም፣ የመጀመሪያው ማስወገጃ ራሱ በኮምፒውተሩ ላይ ሌላ አደገኛ ቀዳዳ ከፍቶ ተገኘ። ቁስሉን ለማከም የመጣው ቢላዋ ሌላ ቁስል አቆሰለ ማለት ነው።

ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ የሚቀርበው ታሪክ ደግሞ ከአሜሪካ ነው። በ2014 በሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ ለደኅንነቱ ሲል «ኪዳኔ» በሚል የሽፋን ስም፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በኮምፒውተሬ ሰልሎኛል ብሎ ዋሽንግተን ፍርድ ቤት ከሰሰ። በክሱ መሠረት፣ በኢሜይል የመጣ አንድ ሰነድ ሲከፈት ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ገባ። ፕሮግራሙ ለወራት በስካይፕ ያወራውን ሲቀዳ ቆየ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ በመጋቢት 2013 ስለ ፊንስፓይ ሪፖርት ሲያወጣ፣ በቀናት ውስጥ አንድ ሰው ፕሮግራሙን ከሩቅ ከኪዳኔ ኮምፒውተር ለማጥፋት ሞከረ። ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። የቀሩት ፋይሎች ተገኙ፤ ክሱ የቆመውም በእነሱ ላይ ነበር። በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በሌላ አገር መንግሥት ላይ ሥልጣን የለኝም ብሎ ጉዳዩን ዘጋው፤ ያ የሕግ ነገር ነው። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ሌላው ነጥብ ነው። ሥራቸው መደበቅ የሆነ ሰላዮች እንኳ የራሳቸውን ፕሮግራም አጥርተው ማውጣት አቃታቸው። ታዲያ የልጅ ልጅ አንድ ጊዜ ምልክት ጎትቶ ስለጣለ ጠራ ማለት ይቻላል?

ይህች አገርም ከታሪኩ ውጭ አይደለችም። ሲቲዝን ላብ በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ሌላ ሪፖርት፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች የተላከባቸው የስለላ ፕሮግራም የእስራኤሉ የኤልቢት ቅርንጫፍ የነበረው የሳይበርቢት ሥሪት መሆኑን አሳይቷል። ማጥመጃው የቪዲዮ ማሳያ ማደሻ መስሎ የመጣ ነበር። «ቪዲዮውን ለማየት ይህን ያድሱ» የሚል። የእናቶችና የአባቶች ስክሪን ላይ በየቀኑ ከሚወጣው «አድስ፣ ጫን፣ እሺ በል» ከሚለው ጋር በዓይን አይለይም።

የሚቀረው ሁሉ ሰላይ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። ከአሮጌ ፕሪንተር ጋር የመጣ ሰርቪስ፣ የሙከራ ጊዜው ያለፈበት ጸረ ቫይረስ፣ ዝመና የሚፈልግ ትንሽ ፕሮግራም፣ አብዛኞቹ ክፋት የላቸውም። አንዳንዱ የሚቀረው በምክንያት ነው፤ ያው ማደሻ ለሌላ ፕሮግራምም ያገለግላልና። ቢሆንም ሁለት ዕዳ ያመጣሉ። አንዱ ሸክም ነው፤ ኮምፒውተሩ ያረጀ የሚመስለው፣ ሲከፈት ቡና እስኪፈላ የሚያስጠብቀው፣ ብዙ ጊዜ በእነሱ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው። ዋናው ፕሮግራም ከሄደ በኋላ የቀረውን ሰርቪስ የሚያድሰው ሊጠፋ ይችላል። ቀዳዳ ቢገኝበት ማን ይደፍነዋል? ባለቤት የሌለው ቤት ጣሪያው ቢቀደድ የሚያየው የለም፤ ሌባ ግን ያየዋል።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? በመጀመሪያ የሠሪዎቹ ነው። መግቢያውን እንደ ሠርግ ቤት ዳስ አስፍተው፣ መውጫውን እንደ መርፌ ቀዳዳ አጥብበዋል። ለመጫን አንድ ጠቅታ፤ ለማውጣት አምስት መስኮት፣ ሦስት ጥያቄ፣ አንዱም በአማርኛ አይደለም። የገባበትን መንገድ የሚያውቀው ሠሪው ነው፤ ጠርጎ የመውጣት ግዴታም የእሱ መሆን ነበረበት። የእስራኤል የኮምፒውተር ሕግ ከ1995 ጀምሮ ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒውተር መግባትን ወንጀል አድርጎታል። ፈቃዱ ካለቀ በኋላ ከውስጥ መቅረትስ? ፕሮግራሙን ያጠፋ ሰው ፈቃዱን አንሥቷል። ከዚያ በኋላ የሚሠራ ነገር ሁሉ ሳይጋበዝ የሚያመሽ እንግዳ ነው።

ቀጥሎ ወጣቶቹ አሉ። ልጆቹ ቅን ናቸው፤ ሥራ አለባቸው፣ ሠራዊት አለባቸው፣ ትምህርት አለባቸው። አያታቸው ቤት ሲመጡ ሌላው ሰው አስጭኖት የሄደውን በሁለት ደቂቃ «አስተካክለው» ይሄዳሉ። ነገር ግን መርዳት ማለት መጫን ብቻ ከሆነ፣ ከዓመት በኋላ የአባት ኮምፒውተር የአሥር ሰው ቁልፍ የተንጠለጠለበት በር ይሆናል። አንዱ የልጅ ልጅ ለኮሮና ጊዜ የጫነው፣ ሌላው ለኩፓት ሆሊም የጫነው፣ ጎረቤት ለፊልም የጫነው። ማንም አላወጣውም፤ ሁሉም ምልክቱን ጥሎ ሄደ።

ይህን ማረም የሚችሉት ደግሞ ራሳቸው ሽማግሎቹ ናቸው። ምክንያቱም ሥራው የሚጠይቀው መጀመሪያ የኮምፒውተር ዕውቀት አይደለም፤ አጠያየቅ ነው። ሽምግልና የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። ሁለት የተጣሉ ወንድማማቾች ተጨባብጠው ስለወጡ ብቻ ሽማግሌ «ታረቁ» ብሎ አይነሣም። ድንበሩስ? የበሬው ዕዳስ? በሆድ የቀረ ቃልስ? ብሎ ይጠይቃል። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የተባለው ለዚህ ነው፤ ከውስጥ የቀረው አንድ ቀን ያጋልጣል። ያንኑ ጥያቄ ወደ ጠረጴዛው ማምጣት ነው የሚያስፈልገው። ልጁ «አጠፋሁት» ሲል ምርቃቱን ትንሽ ማዘግየት፣ «አሳየኝ» ማለት።

ምን ያሳይ? አራት ነገር ይበቃል።

አንደኛ፣ ምልክቱን መጣል ሳይሆን፣ በስክሪኑ ላይ ሀግዳሮት ከሚለው ገብቶ፣ ከፕሮግራሞቹ ዝርዝር ውስጥ ስሙን አግኝቶ በወጉ ያራግፈው። በዚህ መንገድ ሲራገፍ ብዙ ጊዜ ሰርቪሱም አብሮ ይወጣል። የፕሮግራሙን ፋይል በእጅ መሰረዝ ግን የባሰ ነው፤ ማራገፊያው ራሱ አብሮ ይጠፋና መዝገቡ ላይ ያለው ስም ያለ አውጪ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩ ይዘጋና እንደገና ይከፈት። ሥራ ላይ ያለ ፋይል አንዳንዴ የሚሰረዘው ኮምፒውተሩ ዳግም ሲነሣ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ከተከፈተ በኋላ በዕብራይስጥ ሼሩቲም የሚባለውን የሰርቪሶች ዝርዝር ይክፈትና የዚያን ፕሮግራም ወይም የሠሪውን ስም ይፈልግ። ካለ፣ መጀመሪያ ያስቁመው፣ ቀጥሎ ሁለተኛ እንዳይነሣ ይከልክለው። ከመዝገቡ ጨርሶ መፋቅ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ የዊንዶውስ የራሱ ናቸው፤ ስሙ ስላልታወቀ ብቻ የነቀለ ሰው ከአረሙ ጋር ጤፉን ይነቅላል።

አራተኛ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞችና በቀጠሮ የሚሠሩትን ይመልከት፤ አንዳንዱ ሰርቪሱ ሲወጣበት በዚያ በኩል ይመለሳል። አውቶራንስ የተባለው የማይክሮሶፍት ነፃ መሣሪያ እነዚህን ሁሉ በአንድ ቦታ ይዘረዝራል። ከሠሩት አንዱ ያ የሶኒን ጉድ ያጋለጠው ሩሲኖቪች ነው።

የዚያ ደዋይ ዓይነት ሌባ እጁን ያስገባበት ኮምፒውተር ግን በአራቱ ብቻ አይታለፍም። ቅደም ተከተሉም ይለያል። መጀመሪያ ኢንተርኔቱ ይነቀል። ቀጥሎ ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ወደ ባንክ ይደወል፤ ደዋዩ በሰጠው ቁጥር አይደለም። የይለፍ ቃሎች ከሌላ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ይቀየሩ። የብሔራዊ ሳይበር መሥሪያ ቤቱ የእርዳታ መስመር 119 ነው፤ ሌት ተቀን ይሠራል። ከዚያ በኋላ ፎቶና ሰነድ ተቀምጦ ዊንዶውሱ ከሥሩ እንደ አዲስ ቢጫን ይመረጣል። ሌባ የገባበት ቤት ቁልፉ ይቀየራል እንጂ በሩ ብቻ አይዘጋም።

«ከሽማግሌ ምን ይወስዳሉ?» የሚሉ አሉ። የጡረታ ገንዘብ አለ። የመታወቂያ ቁጥር አለ። የሐኪም ወረቀት አለ። የልጆችና የልጅ ልጆች ፎቶ አለ። ደግሞም ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። በእግሩ ከጎንደር እስከ ሱዳን ተጉዞ፣ በበረሃ ማንን ማመን እንዳለበት እየለየ እዚህ የደረሰ ሰው፣ በገዛ ሳሎኑ ማን እንደተቀመጠ ሳያውቅ ሊኖር አይገባውም።

እዚያው ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ የኖረበት ቤት አለ። እሱ ለአሮጌ ቋንቋ አዲስ ቃል ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው፤ ሕዝብ በገዛ ቋንቋው ያልተናገረውን ነገር ሊይዘው አይችልም ብሎ። የኢየሩሳሌም ማትናሶች ለአዛውንቶች የኮምፒውተር ትምህርት ሲሰጡ ይህን ቢያስቡበት ጥሩ ነው። እንዴት እንደሚከፈት፣ እንዴት እንደሚጫን፣ እንዴት ለልጅ እንደሚደወል ከማስተማር ጋር፣ እንዴት እንደሚወጣም በአማርኛ አንድ ቀን ይስጡት። አንድ ገጽ በትልቅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት፣ ኮምፒውተሩ አጠገብ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ፣ ብዙ ቤት ያድናል። ቃሉን ለመፈለግም ሩቅ መሄድ አያሻም፤ አማርኛ ከጥንት ጀምሮ ሰንኮፍ ይለዋል።

የሚመጣው አርብ ልጁ ይመጣል። ኮቱን ይሰቅላል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል፣ ከጥቂት ደቂቃም በኋላ «ጨረስኩ አባባ» ይላል። ያን ጊዜ አባት ከወንበራቸው ሳይነሡ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ «ሰንኮፉስ ልጄ?»